የኩባያ ነገር

በዚህች በእጃችን በምንጽፋት መጽሔት ላይ ስለ ናፍቆት፣ ስለ እናት፣ ስለ ትውልድ መንደር ብዙ ተጽፏል። መልካም ነው፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኛ ግን ዛሬ ስለ ኩባያ ለመጻፍ ተነሥተናል። «ሰው የሚጽፈው አጥቶ ስለ ኩባያ ይጽፍ ጀመር?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ቢሆንም ቤቱንና ሥራውን ጥሎ የወጣ ሰው ከቀረችው ጥቂት ዕቃ ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ ከአፉ የሚያደርሳት ኩባያውን ነውና፣ ነገሩ የሚመስለውን ያህል ትንሽ አይደለም።

ይህን ያስተማረችን ሞያሌ ናት። በመጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ኬንያ ገባ። አብዛኛው ሴትና ሕፃን ነበር። በሶማሬ፣ በሴሲና በሌሎችም ሥፍራዎች የኬንያ ቀይ መስቀል ደረሰልን፤ ሸራ ተወጠረ። ያን ዓመት ደግሞ በኬንያ የጣለው ዝናብ ከልክ ያለፈ ነበርና መሬቱ ሁሉ ጭቃ ሆነ። ኋላ ብዙው ሰው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ጥቂቶቻችን ወደዚህ ወደ ካኩማ መጣን። ይህን የምንጽፈው ያኔ በአንድ ሸራ ሥር ካደርነው ሰባት ሰዎች ዛሬም አብረን ያለነው ነን።

ሰባት ሰው፣ ሦስት ኩባያ። አንዷ የብረት፣ ሁለቱ የፕላስቲክ። ሻይ ሲፈላ ኩባያዋ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ ጠጥቶ የጨረሰው ሳፋው ውስጥ ይነክራትና አራግፎ ለቀጣዩ ይሰጣል። ይህ እኛ የፈጠርነው አይደለም። ባገራችን ቡና ሲፈላም ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲታለፍ ሲኒው የሚለቀለቀው በአንድ ሳህን ውኃ ነው። ልዩነቱ ቤት ሳለን የሳህኑን ውኃ ደፍቶ ሌላ መቅዳት ይቻል ነበር። በሞያሌ ግን አንዷን ጄሪካን ለመሙላት ከቦቴው ሥር የቆመ ሰው፣ ሳፋው ውስጥ ያለውን ውኃ እንዴት አድርጎ ይደፋዋል?

አማርኛችን ራሱ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልናል፤ ማለቅለቅ አለ፣ ማጠብ አለ። ያለቀለቀ ሰው ዐይን የሚያየውን የሻይ ቅጠል አወረደ እንጂ ከንፈር የነካውን ጠርዝ ገና አላጸዳም። አሥር ሲኒ በአንድ ሳህን ውኃ ከተለቀለቀ አሥረኛው እንግዳ የሚጠጣው የዘጠኙን ከንፈር ጭምር ነው።

ከመካከላችን በአንድ ጤና ጣቢያ በጽዳት ሥራ ያገለገለች እህት ነበረችን። አንድ ቀን ጠዋት ከነጠላዋ ጥለት ቀይ ክር መዘዘችና በብረቷ ኩባያ ጆሮ ላይ ቋጠረች። «ይቺ የኔ ትሁን» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን በዕድሜ ትልቃችን የሆኑት አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ምን አየሽብን?» ብለው ጠየቁ።

እስቲ አንባቢ ይፍረድ፤ ሽማግሌው ያለ ነገር አልከፋቸውም። ባገራችን ለብቻ የተለየ ዕቃ መጥፎ ታሪክ አለው። በካፋ ማንጃ፣ በጉራጌ ፉጋ፣ በቦረና ዋታ የተባሉ ወገኖቻችን ከሌላው ጋር በአንድ ዕቃ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ተደርገው ሲገፉ ኖረዋል። በኋላ ደግሞ ኤች አይ ቪ በመጣ ጊዜ፣ በየቤቱ የታመመው ሰው ብርጭቆ ለብቻው ጥግ ተቀመጠ። ኤች አይ ቪ ግን በኩባያ አይተላለፍም። የሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በአየር እንጂ በብርጭቆ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው በከንቱ ተዋረደ። ስለዚህ የኩባያ ጆሮ ላይ ክር ሲታሰር ያየ ሽማግሌ ይህ ሁሉ ትዝ ቢለው ምን ይገርማል?

እህታችን ግን መልስ አላጣችም። «አባባ፣ እርስዎን ተጸይፌ አይደለም። ሌሊቱን ሆዴን ሲቆርጠኝ ነው ያደረው፤ የኔ ነገር እርስዎ ላይ እንዳይመጣ ነው የፈራሁት» አለቻቸው። ቀጥላም፣ «ለርስዎም ክር አለኝ» ብላ አረንጓዴውን አወጣች። በዚያው ሳምንት የወተት ዱቄት ጣሳዎች ለቃቅመን፣ ጠርዛቸውን በድንጋይ ቀጥቅጠን አጠፍንና ሰባታችንም ባለ ኩባያ ሆንን። ክሩ የሁሉም በሆነ ጊዜ ስድብነቱ ቀረ። እኛ እስካሁን ከሰማነው የጤና ትምህርት ሁሉ ይቺ የክር ነገር ትበልጥብናለች፤ ብቻውን የተለየ ሰው ይዋረዳል፣ ሁሉም ሲለይ ግን የሚዋረድ የለም።

በኩባያ የሚመጣውማ ሌላ ነው፤ ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ «ኤ» የሚባለው የጉበት በሽታ፣ ጉንፋን። ከነዚህ ሌላ ደግሞ ኖሮ ቫይረስ የሚሉት የትውከትና የተቅማጥ አምጪ አለ። ስሙን ያገኘው በ1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኖርዎክ በምትባል ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተነሣ በሽታ ነው። ዛሬ ስሙ ከሚነሣባቸው ሥፍራዎች አንዱ፣ የሚያስቅ ቢሆንም፣ ሀብታሞች የሚዝናኑባቸው ታላላቅ መርከቦች ናቸው። ሺዎች በአንድ ቦታ ይበላሉ፣ አንድ በር ይገፋሉ፣ ከአንድ ማሽን ይቀዳሉ፤ ከኛ የሚለዩት በባሕሩ ነው። በነዚያ መርከቦች ብዙ መንገደኛ የራሱን ክዳን ያላት ኩባያ ይዞ ይዞራል። በአንዳንዶቹ መርከቦች ታዲያ አስተናጋጁ የመንገደኛውን ኩባያ ከመቅጃው ሥር አያስገባም፤ በንጹሕ ብርጭቆ ይቀዳና ወደ እንግዳው ኩባያ ይገለብጣል። ሰው አፉን ያደረገበት ጠርዝ የሁሉን መቅጃ እንዳይነካ ነው። እጅ ላይ የሚቀባው አልኮል ደግሞ ይህን ቫይረስ እምብዛም አይጎዳውም፤ ሳሙናና ውኃ ይሻላል።

እኛም ከዚህ የምንወስደው አለ፤ ኩባያን ባልዲ ውስጥ አለመንከር ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በማላዊ የሞዛምቢክ ስደተኞች በነበሩበት ሠፈር ይህ ተፈትኗል። ውኃው ከቧንቧው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ የሚቆሽሸው ቤት ከገባ በኋላ፣ በእጅና በመጥለቂያ ነው። ለአንዳንዶቹ ቤተሰቦች ክዳንና መቅጃ ያለው፣ እጅ የማያስገባ ባልዲ ቢሰጣቸው፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች በሆኑት ልጆቻቸው ላይ የታየው ተቅማጥ ከሌሎቹ በ31 በመቶ አንሶ ተገኘ። የምንጠላት ጠባብ አፍ ያላት ጄሪካን ለካስ ውለታ አላት! እጅ አታስገባም። ውስጧ አረንጓዴ ሲይዝ ጥቂት ጠጠር፣ ሳሙናና ውኃ ጨምሮ ክንድ እስኪዝል መነቅነቅ ነው።

ውኃው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል እያላችሁ የምታማርሩም አላችሁ። ቧንቧው ዘንድ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲገኝ የሚደረገው ቤት ከገባም በኋላ እንዲጠብቃችሁ ነው። በቆሸሸ ዕቃ ከተቀዳ ግን ክሎሪኑ የዕቃውን ቆሻሻ ሲታገል ያልቃል፤ ለሆዳችሁ የሚተርፍ የለም።

አሁን ወደ ሞያሌ እንመለስ፤ ያለ ብዙ ውኃ ማጽዳትን ያየነው እዚያ ነውና። ከሠፈሩ አጠገብ የሚኖሩ፣ ሁላችንም እንደ ቦረናው ልማድ «አኮ» የምንላቸው፣ አያት ማለት ነው፣ አንዲት አሮጊት ወተት ያቀምሱን ነበር። ወተቱን የሚያኖሩበት ጎርፋ ከሥር ቃጫ ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ ነው። በጥቂት ውኃ ያጥቡታል፤ ከዚያ የወይራ ፍም ውስጡ ከተው ያንቀሳቅሱና ይከድኑታል። ጭሱ ተህዋስያኑን ያዳክማል፣ ሙቀቱ እርጥበቱን ያጠፋል፣ ወተቱም ጥሩ ሽታ ያገኛል። ባገራችን በሌላውም ቦታ የወተቱ ቅል በወይራ ይታጠን የለም ወይ? የጠላው ጋን በግራዋ ቅጠል ይታሻል፤ እናቶቻችን ሳሙና ከመምጣቱ በፊትም ዕቃ ያጥቡ ነበር። አኮ ግን አንድ ነገር አጥብቀው ይናገሩ ነበር፤ ያልደረቀ ዕቃ አይከደንም። የፕላስቲክ ኩባያ እንደማይታጠን ግልጽ ነው፤ የማድረቁ ነገር ግን ለሁሉም ይሠራል።

ሁለት ሳፋና አንድ ባልዲ ያለው ሰው እንዲህ ያድርግ። ወተት የነካውን ኩባያ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ያውርደው፤ ሙቅ ውኃ ወተቱን ከዕቃው ጋር ያጣብቀዋል። ከዚያ በመጀመሪያው ሳፋ በሙቅ ውኃና በሳሙና ጠርዙን፣ ጆሮው የተጣበቀበትን ሥፍራና የክዳኑን ጎማ ይሽ፤ ቆሻሻ የሚደበቀው እዚያ ነው። ሳሙና ባይኖር የተነፋ አመድ ስብ ያስለቅቃል። ብረቱን በአመድም በአሸዋም ማሸት ይቻላል፤ ፕላስቲኩን ግን በሽቦ አትፈትጉ፣ ጭረቱ ለተህዋስ ጎጆ ይሆናል። በሁለተኛው ሳፋ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቀው። በባልዲው ደግሞ ሽቶ የሌለው በረኪና፣ እዚህ ጂክ የሚሉት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ውኃ በጥብጦ ኩባያውን 2 ደቂቃ ያህል ያቆየው። ከዚያ በእንጨት ቆጥ ላይ ደፍቶ በፀሐይ መተው ነው። በጨርቅ መወልወል የለም፤ ያ ጨርቅ ጠዋት ምን እንደወለወለ ማን ያውቃል? ካኩማ ደግሞ ውኃ ብታጣ ፀሐይ አታጣም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ነው? በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የተነሣው ኮሌራ ከብዙ ክልል ደረሰ። በኬንያ በኩልም በጥቅምት ወር 2022 እ.ኤ.አ. ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። ሁለቱም አገር በአንድ ወቅት ሲታመም፣ በመካከል ያለው ስደተኛ ከኩባያው ሌላ የሚጠብቀው ድንበር የለውም።

አንዳንዶቻችሁ፣ «ታዲያ ቡናው ሊቀር ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ቡና አይቀርም፤ ከቀረማ ምን ቀረን? በኛ ቤት የሲኒው ሳህን ቀርቷል፤ በሱ ፈንታ ከጀበናው ጎን አንዲት ማንቆርቆሪያ ትፈላለች፣ ከአቦል በኋላ ሲኒዎቹ በረከቦቱ ላይ ሳሉ ሳይሆን ወደ ሳፋ ወርደው የፈላ ውኃ ይፈስባቸዋል። ከሰል ይፈጃል፤ እውነት ነው። ሦስት ጎረቤቶች በየተራ ከሰል ያመጣሉ፤ በዚህም ጭቅጭቅ አልጠፋም።

ከሰባታችን ሁለቱ ዛሬ አጠገባችን የሉም። አባባ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ አረንጓዴ ክር ያላትን ጣሳ ትተውልን ሄዱ። አሁንም በምስማር ላይ ተሰቅላለች። ባለፈው ሳምንት ከጎናችን አዲስ የገባ ወጣት ኩባያ የለውም። ክሩን ቆርጠን እንስጠው የሚሉ አሉ፤ ከነክሩ ትሰጠው የሚሉም አሉ። እህታችን ለማንኛውም እሑድ ውኃ ስናፈላ ጣሳዋም አብራ ትፍላ ብላለች።