ስለ ጤፉ ጆንያ

ይድረስ ለእትዬ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የጋሼንም ነፍስ ይማር። በለቅሶው ሰሞን ድንኳኑ ሙሉ ሰው ስለነበር ይህን ለመናገር አልተመቸኝም፤ ነገሩም በሰው መሐል የሚነሣ አይደለም። ግን «ጆንያውን አንሣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ገደልኩት» እያሉ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። ቀዶ ሐኪም ሆኜ ይህን ሰምቼ ዝም ካልኩ መማሬ ምን ሊረባ!

ጋሼን የወሰዳቸው የታነቀ ቡአ ነው። ቡአ ደግሞ በአንድ ምሽት የሚመጣ አይደለም። የወንድ ልጅ የዘር ፍሬዎች መጀመሪያ የሚበቅሉት በሆዱ ውስጥ፣ ከኩላሊቱ አጠገብ ነው። በእርግዝናው ሰባተኛ ወር ገደማ በብሽሽቱ በኩል አልፈው ወደ ታች ይወርዳሉ። ሲወርዱም የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ገበር እንደ ከረጢት ሆኖ አብሯቸው ይሳባል። ይህ ከረጢት በአብዛኛው ልጁ በሚወለድበት ሰሞን ወይም በጨቅላነቱ ይዘጋል፤ በአንዳንዱ ግን ክፍት ይቀራል። የጋሼም ቡአ የዚህ ዓይነት እንደነበር ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላቸው ሐኪም ነግሮኛል። በሩ የተከፈተው እርስዎ ሳያውቋቸው፣ ገና በእናታቸው ማህፀን ሳሉ ነው።

የሆዳችን ግድግዳ በጎንና በጎን ሦስት ጡንቻ የተደራረበበት ነው። የላይኛው ቃጫ ሰያፍ ይወርዳል፤ መካከለኛው ያንን ያቋርጠዋል፤ የውስጠኛው አግድም ይሄዳል። ብሽሽት ላይ ግን ለዘር ፍሬው የደም ሥሮችና ለዘር ቱቦው መንገድ መተው ስላለበት፣ በአዋቂ ሰው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ሰያፍ መተላለፊያ አለ። ሰያፍነቱ በከንቱ አይደለም፤ ስንስል ወይም ስናምጥ ጡንቻዎቹ ጨምቀው ይዘጉታል። ከረጢቱ ክፍት ለቀረበት ሰው ይህ መከላከያ ጎዶሎ ነው።

ጆንያው ምንም አላደረገም ብዬ አልዋሽዎትም። ያን ምሽት አንጀቱን ገፍቶት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የጉንፋን ሳልም ያው ነበር፤ መጸዳጃ ቤት ማማጥም ያው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸከሙ የኖሩ ሰው ናቸው እኮ።

«ለምን አልነገረኝም?» ብለውም ነበር። ጋሼ እብጠቱን ለዓመታት ያውቁት ነበር፤ ማታ ሲተኙ በእጃቸው ይመልሱታል። አፍረው ነው፣ እትዬ። ቦታው ብሽሽት ባይሆንና ክንድ ቢሆን ኖሮ ለጎረቤት ሁሉ ያሳዩት ነበር። ቀዶ ሐኪም ለሆንኩት ዘመዳቸው እንኳ አልነገሩኝም። የኋላ የኋላ ግን በጠባቡ በር የወጣው አንጀት አብጦ መመለሻ ያጣል፤ መጀመሪያ ደም የሚመልሰው ሥር ይታፈናል፣ ቀጥሎ ደም የሚያመጣውም ይቆማል። አንጀቱ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። እርስዎ ያዩት የሆድ ቁርጠትና ትውከት ብቻ ነው፤ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም ያልሰጠ ማን አለ? እሱም አልገደላቸውም።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህን ቦታ በቀላሉ አልተረዱትም። ቡአ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ ተሰፍቶ ተመልሶ ይመጣ ነበር። በአውሮፓውያን 1880ዎቹ በፓዶቫ የነበረው ጣሊያናዊ ቀዶ ሐኪም ኤድዋርዶ ባሲኒ ነው እነዚያን ጡንቻዎች አንድ በአንድ ለይቶ የመተላለፊያውን ጀርባ መልሶ ማጠንከር ያስተማረው። ይገርማል፤ እሱ ራሱ በወጣትነቱ በ1867 በዘመተበት ጦርነት ብሽሽቱን በሳንጃ ተወግቶ ነበር። ሊቃውንቱ ያን ያህል ዘመን የፈጀባቸውን ነገር እርስዎ በአንድ ሌሊት፣ ያውም ሳያሳዩዎት፣ እንዲደርሱበት ማንም አይጠይቅዎትም።

ለአርባው እመጣለሁ። ታላቁ ልጅዎንም ላየው እፈልጋለሁ፤ አባቱ ቡአ የነበረበት ልጅ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል። አይደንግጡ፤ ሳይታነቅ በጊዜ ከተደረሰበት ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፣ ብዙውም ሰው ያንኑ ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። እስከዚያ ግን ሲቆም ወይም ሲስል ብሽሽቱ ላይ የሚወጣ፣ ሲተኛ የሚገባ እብጠት ካለው በአባቱ ስም ይጠይቁት። እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ ሕመምና ትውከትም ከተከተለ እኔን አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያድርሱት። ያፍር ይሆናል፤ ስመጣ ጓዳ ይዤው እገባለሁ፣ እርስዎም እንዳላወቁ ይሁኑለት።

የእርስዎው
ወንድምዎ