አረም ውስጥ ያለ ዓሣ

ዋሂል ሐይቅ የለውም። በድሬዳዋ ገጠር ያደግን ልጆች ውሃ ሲባል የምናውቀው ሁለት ዓይነት ነው፤ ደጋው ላይ ዘንቦ ድንገት የሚደርስና ያገኘውን ጠራርጎ የሚያልፍ ጎርፍ፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላም ከደረቅ ወንዝ አሸዋ ሥር ተቆፍሮ የሚቀዳ ውሃ። አረምን ግን ጠንቅቀን እናውቃለን። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር መጥምጦ ሐምራዊ አበባውን ብቅ ሲያደርግ ጉዳቱ ቀድሞ ደርሷል። ፋራምሲሳ የምንለው ደግሞ የግጦሹን ቦታ ይወርሳል፣ ሲነቅሉት እጅ ያሳክካል። እኛ ዘንድ አረም የታየ ዕለት ይነቀላል። አረምን ሳይነቅሉ፣ እንዲያውም አረሙን እየተከተሉ ዓሣ እንደሚጠመድ የተማርኩት አድጌ፣ ተሰድጄ፣ ሚኒሶታ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሐይቅ መጀመሪያ ያየሁት ሐረማያን ነው። ከአባቴ ጋር በጭነት መኪና የደንገጎን ዳገት ወጥተን ወደ ሐረር ስንሄድ መንገዱ ዳር ተንጣሎ አገኘነው። ዳር ዳሩን ቄጠማ ከቦት ልጆች እንጨት ላይ ባሰሩት ክር ያጠምዱ ነበር። ጥርት ያለው ውሃ ፊታቸው ተዘርግቶ ሳለ ሁሉም ክራቸውን የሚጥሉት ቄጠማው ሥር ነው። ለምን እንደሆነ አባቴን ጠየቅኩት። «ዓሣም እንደ ፍየል ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ይፈልጋል» አለኝ። አባቴ አጥምዶ አያውቅም፤ የተናገረው ግን እውነት ነበር።

ከዓመታት በኋላ በዚያው መንገድ ሳልፍ ሐይቁ የለም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ደርቆ የከብት መሰማሪያ ሆኗል። ለጫትና ለአትክልት በሞተር የሚሳበው ውሃ፣ ለሐረርና ለአካባቢው ከተሞች የሚሄደው፣ ከተራቆተው ጋራ የሚወርደው ደለል ተደማምረው ጨረሱት። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መተኛቱን ስሰማ እጅግ ደስ ብሎኛል። ያን ጊዜ ግን የቀረኝ ያ ሜዳ ነበር፤ ሚኒሶታም የደረስኩት እሱን በዓይኔ ይዤ ነው።

ሚኒሶታ አራት ሄክታርና ከዚያ በላይ ስፋት ያላቸው 11,842 ሐይቆች አሉት። ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ ያለው ሚኒቶንካ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ሰፊ ሐይቅ ነው፤ በበጋቸው፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጥልቀት የሌለው ዳርቻው በአረም ይሸፈናል። እዚያ የወሰደኝ የድሬዳዋ ከዚራ ልጅ የሆነ ወዳጄ ነው፤ በዕድሜ ታላቄ ነው፣ ታክሲ ይነዳል። እሱና እኔ ስንገናኝ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እናወራለን። ዓሣ ማጥመድ የጀመረው ከሥራ ሌሊት ሲወጣ እንቅልፍ እምቢ ስላለው ነበር፤ እኔ ሳገኘው ግን ሐይቁን ከተወላጆቹ እኩል ያውቀው ነበር።

የሚፈልገው ባስ የሚባለውን ዓሣ ነው። ባስ ጀርባው አረንጓዴ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ የአፉ ስንጥቅ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ የሚሄድ አዳኝ ነው። አረሙ በቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ጥላ ይሆናል፤ ትንንሽ ዓሦችና ነፍሳትም ይሸሸጉበታል። ባሱ እነሱን ፍለጋ አረሙ ጠርዝ ላይ ወይም መሃሉ ላይ ባለች ክፍተት ያደፍጣል። ስለዚህ ወዳጄ ሐይቁን ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው የአረሙን ቀለም ነው። የለመለመውን ይጠጋል፤ ቡናማ ሆኖ መበስበስ የጀመረውን ይሸሸዋል፤ የሚበሰብስ አረም ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳልና።

በመጀመሪያው ማለዳ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ሁለት ዘንግ አወጣ። አንዱ ቀጭንና ቀላል፣ ክሩ ለዓይን የማይታይ ናይለን ነው። ሌላው ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ ብቻ የሚጎብጥ ወፍራም ዘንግ ነው፤ የተጠቀለለበት የተጎነጎነ ክር ሠላሳ ኪሎ ያህል ይሸከማል። እኔ ቀጭኑን ያዝኩ፤ እሱ ከእጄ ወሰደው።

«የሚያዘው ዓሣ ሁለት ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። ሠላሳ ኪሎ የሚችል ክር ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ክሩን ለዓሣው አልመረጥኩትም፤ ለአረሙ ነው የመረጥኩት» አለኝ። «ባስ መንጠቆ ሲሰማው አረም ውስጥ ይገባል። ክርህ ግንድ ላይ ሁለቴ ከዞረ የምትስበው አረሙን ነው። ናይለኑ ይለጠጣል፣ ይለጠጣል፣ ይበጠሳል። አንተ ክር ነው የጎደለብህ፤ ዓሣው ግን መንጠቆ አፉ ውስጥ ተተክሎበት፣ አረም ላይ ታስሮ ይቀራል። ማውጣት የማትችለው ቦታ መንጠቆ አትጣል።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ማጥመጃ ዕቃ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ግን አልሰማሁም። ጠንካራ ዕቃ ለጉልበተኛ ዓሣ የሚያዝ ይመስለኝ ነበር። አረም ውስጥ ጠንካራ ዕቃ ርኅራኄ ነው። የተጎነጎነው ክር አይለጠጥም፤ ለስላሳውን ግንድ እየቆረጠ ያልፋል። ግርግሩ ያጥራል፣ ዓሣውም ጉልበቱ ሳያልቅ እጅ ይገባል፤ ቢለቁት ይተርፋል።

የዚያን ማለዳ ጀልባዋን ወደ ውሃ አበባው ወሰድናት። ቅጠሎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ውሃው ላይ ተነጥፈው በመካከላቸው መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ነው የሚታየው። ክሩ ጫፍ ላይ ያሰረው ከለስላሳ ጎማ የተሠራ እንቁራሪት ነበር፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሁለት መንጠቆዎቹ ወደ ላይ ዞረው ጀርባው ላይ ተጣብቀው ተኝተዋል፤ ቅጠሉ ላይ ሲጎተት ምንም አይነካቸውም። ዓሣው ሲነክሰው ግን ጎማው ይጨማደድና ሹሎቹ ይወጣሉ። ሦስት ሹል ያለውን ተራ መንጠቆ እዚህ የሚጥል ሰው ቀኑን ሙሉ ቅጠል ሲለቅም ይውላል።

እንቁራሪቱን ከቅጠል ወደ ቅጠል ጎተት፣ ቆም እያደረገ ያመጣዋል። አንዷ ቀዳዳ ጋ ሲደርስ አቆመውና ዝም አለ። ውሃው ፈነዳ፤ እንቁራሪቱ ጠፋ። እኔ ጮህኩ፤ እሱ አልሳበም። ክሩ እስኪከብደው ጠበቀ፤ ከዚያ ዘንጉን በሙሉ ክንዱ ወደ ላይ መንጭቆ፣ እጀታውን ሳያቋርጥ እያዞረ የዓሣውን ራስ ከቅጠሉ በላይ አደረገው። «ራሱ አንዴ ወደ ታች ከዞረ አለቀ» ይለኛል እየሳበ። ባሱ በአረሙ ላይ እየተንሸራተተ መጣ። ከንፈሩን በአውራ ጣት ያዝኩት፤ ጥርሱ ደቃቅ ነው፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል እንጂ አይቆርጥም። ሆዱን በሌላው እርጥብ እጄ ደገፍኩ፤ መንጠቆው ከላይኛው ከንፈር ጥግ ላይ ነበር፣ ወዲያው ወጣ። ውሃው ውስጥ ትንሽ ይዤ ለቀቅኩት።

ፀሐይ ከፍ ስትል እንቁራሪቱን የሚነካ ጠፋ። ወዳጄ ዕቃ ቀየረ። አረሙ ውሃው ላይ ወጥቶ እንደ ምንጣፍ ወደተደላደለበት ሄድን፤ ሥሩ ግን ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍተት ነው። እዚያ ለመግባት አርባ ግራም የሚጠጋ ክብደት ያስፈልጋል። እሱ የሚጠቀመው ቱንግስተን ነው፤ ቱንግስተን ከእርሳስ ስለሚከብድ ያው ክብደት በትንሽ ቁራጭ ይገኛል፣ ትንሹ ቁራጭም አረሙን በቀላሉ ይበሳል። ከክብደቱ በታች የጎማ ትል አለ፤ የመንጠቆው ሹል ትሉ ሥጋ ውስጥ ተመልሶ ተደብቋል። ክብደቱ ከመንጠቆው እንዳይርቅ ክሩ ላይ ትንሽ የጎማ ማቆሚያ አለች፤ ያለ እሷ ክብደቱ ቀድሞ ይወርድና ትሉ ምንጣፉ ላይ ይቀራል። እዚህ መወርወር የለም። ከቅርብ ሆኖ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ቀጥ አድርጎ ማውረድ ነው። ታች ሲነካ አንዴ ሁለቴ ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ካልተነከሰ አውጥቶ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ ማውረድ።

ጠርዙ ላይ፣ አረሙ ከጥልቁ ውሃ ጋር በሚገናኝበት፣ ያው የተደበቀ መንጠቆ ያለው ትል ነው የሚያዘው፤ ክብደቱ ግን ሰባት ግራም ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ሲወርድ ነው ባሱ የሚወስደው፤ ብዙ ጊዜ ንክሻው የሚታወቀው ክሩ ወደ ጎን ሲሄድ ነው። አረሙ ከውሃው ወለል በታች ሲቀር ደግሞ የሚሽከረከር ብረት ያለውን ማባበያ ጫፉን እየዳሰሰ ማሳለፍ ይሻላል። እንዲህ አረሙ በተለወጠ ቁጥር ዕቃው ይለወጣል፤ ወዳጄ ዓሣውን ሳያይ ዕቃ የሚመርጠው ለዚህ ነው።

ቋጠሮውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ክሩን ያጥፉታል፤ የታጠፈውን በመንጠቆው ዓይን ያሳልፋሉ፤ በላላው አንድ ተራ ቋጠሮ ይቋጥራሉ፤ ከዚያ መንጠቆውን ራሱን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፈው በምራቅ አርጥበው ይስባሉ። የተጎነጎነ ክር ያዳልጣል፤ ሌላ ቋጠሮ ብዙ ጊዜ ይሾልካል፣ ይሄኛው ይነክሳል። ምራቁ የሚያስፈልገው ሲጠብቅ በሰበቃ እንዳይግል ነው።

ስንወጣ ወዳጄ ጀልባዋን ተጎታቹ ላይ አድርጎ የታችኛውን ውታፍ ነቅሎ ውሃዋን አፈሰሰ፤ ከተጎታቹ ላይ አረሙን አንድ በአንድ ለቀመ። የግዛቱ ሕግ ያስገድዳል። ሚኒቶንካ ከዩሬዥያ የመጣ ሚልፎይል የሚባል መጤ አረም እ.ኤ.አ. በ1987 በሚኒሶታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ሐይቅ ነው። ከግንዱ የተቆረጠች ቁራጭ ሌላ ሐይቅ ከገባች ሥር ሰዳ ትባዛለች፤ አንድ ጊዜ ከተያዘ ሐይቅ ውስጥ ማጥፋት እጅግ ከባድ ነው። ወዳጄ የእርሳስ ክብደት የተወው ደግሞ ሉን ለሚባለው የሐይቅ ወፍ ብሎ ነው፤ ወፉ ከታች ጠጠር ሲለቅም የወደቀ የእርሳስ ክብደት ይውጥና ተመርዞ ይሞታል። በፀደይ፣ ውሃው ሲሞቅ ወንዱ ባስ ዳር ላይ ጎጆ አበጅቶ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ወዳጄ ጎጆ ላይ ያለን ዓሣ አይነካም።

አገር ቤት ስመለስ ያን ወፍራም ዘንግ ይዤ ሐዋሳ ሄድኩ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፊላና ሸንበቆ አለ፤ ፊላው ሚኒሶታም ያለው ነው። አሞራ ገደል ጠዋት ዓሣ ሲራገፍ ቆሜ የዓሦቹን አፍ አየሁ። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው የሚመገበው ጥቃቅን አልጌ ነውና የጎማ እንቁራሪት አይነካም። አምባዛ ግን አዳኝ ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት አረም ውስጥ አየር ከላይ ስቦ ይኖራል፣ የሚበላውንም በማሽተትና በጢሙ በመዳሰስ ይፈልጋል፣ ይበልጡን በማታ። ለእሱ የዓሣ ቁራጭ ይሰካል። አንድ ምሽት ከፊላው ሥር የያዝኩት አምባዛ ወዲያው ወደ ሸንበቆው ዞረ። ክሩ ጮኸ፣ አልተበጠሰም፤ ራሱን ከፍ እንዳደረግኩ ወደ ክፍቱ ውሃ መለስኩት። አጠገቤ የነበረ የሐዋሳ ልጅ ክሩን በጣቱ እየዳበሰ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የገመድ ያህል ነው» አለኝ። የከዚራው ወዳጄ ያለኝን ነገርኩት።

ማባበያው ከአገር አገር አይሻገርም፤ ደንቡ ግን ይሻገራል። መጀመሪያ አረሙን ማየት፣ ቀጥሎ የዓሣውን አፍና አመጋገብ፣ መጨረሻ ላይ ዕቃውን መምረጥ። በሐዋሳ፣ በደምበል፣ በጫሞ ዳር ለሚያጠምዱ ወጣቶች የምለው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ እጨምራለሁ። የተበጠሰ ክር አረም ውስጥ ሲቀር የወፍ እግር ያስራልና የሚችል ክር ግዙ፣ የቆረጣችሁትን ይዛችሁ ውጡ። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው አረምም ሆነ ዓሣ አትውሰዱ። እምቦጭ ጣናን እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ምን እንዳደረገው አይተናል፤ ጣና ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ነው። ባስን የምወደውን ያህል በአገሬ ውሃ ውስጥ እንዳላየው እፈልጋለሁ፤ አዳኝ ነው፣ የእኛዎቹን ይጨርሳል። እኛ ቆሮሶ አለን፣ አምባዛ አለን፣ ቢልጫ አለን። እነሱን ባሉበት አረም ውስጥ፣ በሚችል ዕቃ፣ ሳያሰቃዩ ማጥመድ የሚማር ትውልድ ሐይቆቹን ይጠብቃቸዋል ብዬ አምናለሁ።