ስለ አሮጌ የእጅ መሣሪያ

ሰው ሁሉ የዕረፍት ጊዜውን የሚያሳልፍበት አንዳንድ ነገር አለው። አንዱ ገበጣ ይጫወታል፤ ሌላው ወደ ገጠር ወጥቶ ነፋስ ይቀበላል። እኛ ግን የሳምንቱ የችሎት ሥራ ተፈጽሞ መዝገቡ በተዘጋ ጊዜ ወደ አሮጌ የብረታ ብረት መደብሮች እየሄድን፣ ከመደርደሪያ በታች አቧራ ለብሶ የተቀመጠውን መላጊያና መጋዝ፣ መሮና መሰርሰሪያ መፈለግ ልማዳችን ነው። ለጸሐፊ ይህ ምን ይረባዋል የሚሉን ወዳጆች አሉና፣ ለእነርሱ መልስ ይሆን ዘንድ ይህችን አጭር ቃል ለመጻፍ ወደድን።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በነበርንበት ጊዜ፣ መጻፍ የሚሻ ተማሪ አስቀድሞ መቃውን በሰላ ቢላዋ መቅረጽ ይማር ነበር፤ ብርዑ ካልተስተካከለ ፊደሉ አይስተካከልምና። ኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ከንባቡና ከሒሳቡ ጋር የእንጨት ሥራ ተማርን። የዝግባ ሳንቃ በመላጊያ ስናለሰልስ ፍቅፋቂው እንደ ወረቀት እየተጠቀለለ ሲወጣ ማየት ደስ ያሰኘን ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብርዕና መላጊያ በእኛ ዘንድ ወንድማማች ናቸው።

አሮጌ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ማንበብ ያስፈልገዋል፤ ብረትም እንደ ብራና ጽሕፈት አለበትና። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ በተሠሩ አሮጌ መሮዎች ላይ «ካስት ስቲል» የሚል ማኅተም ይገኛል። ይህም ቤንጃሚን ሃንትስማን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1740ዎቹ ባወጣው ዘዴ በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ የቀለጠ ዐረብ ብረት መሆኑን ያመለክታል። ብረቱ ፈጽሞ ስለሚቀልጥ ቈሻሻው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጥንካሬውም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሆናል። የአሜሪካው የስታንሊ ፋብሪካ ደግሞ ሌናርድ ቤይሊ የፈለሰፈውን የብረት መላጊያ መብት በዚያው አቈጣጠር በ1869 ገዝቶ እየሠራ ማውጣት ጀመረ። ከስለቱ በስተኋላ በአልጋው ላይ 3 የመብት ቀኖች ተቀርጸው ቢገኙ፣ የመጨረሻውም የ1910 ቢሆን፣ መላጊያው ከዚያ ወዲህ የተሠራ መሆኑ ይታወቃል።

ከማንበቡ ቀጥሎ መመርመር ይገባል። ላይ ላዩን የያዘ ዝገት በኮምጣጤ አንድ ሌሊት ቢዘፈዘፍ፣ በማግሥቱም ታጥቦ ደርቆ ዘይት ቢቀባ ይለቃል። ዝገቱ ቦርቡሮ ወደ ውስጥ የዘለቀ እንደ ሆነ ግን ስለቱ አይቃናም። ጫፉ ሰማያዊ የሆነ ስለት፣ በመሳያ ድንጋይ ላይ ግሎ ጥንካሬውን ያጣ ነው። መጋዝ የሚገዛም ሰው ወደ ዐይኑ አቅርቦ ቀጥ ማለቱን ይመልከት፤ ጥቂት አጕብጦም ሲለቀው ወደ ቦታው መመለሱን ይፈትን። ዛሬ ከሚሸጡት መጋዞች ብዙዎቹ ጥርሳቸው እጅግ ጠንክሮ ስለሚሠራ ሞረድ አይነካቸውም፤ በደነዙ ጊዜ ይጣላሉ። አሮጌው መጋዝ ግን በባለ 3 ማዕዘን ሞረድ እየተሳለ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አሮጌ የሆነ ሁሉ መልካም ነው ለማለት አይደለም፤ ድሮም ክፉ ዕቃ ይሠራ ነበርና።

በአዲስ አበባ ከተማ እንዲህ ያለውን ዕቃ የምንፈልገው በፒያሳና በመርካቶ ነበር። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ የምንላቸው ስሞች ከጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸውና፣ በእነዚህ መደብሮች የዕቃው ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ ግን እናዘወትራቸው የነበሩት ሁለት መደብሮች አብረው ጠፉ። ስለዚህ አሁን የምንሄደው ወደ መርካቶ ብቻ ነው።

በዚህም ነገር ላይ ከሥራችን ያየነውን እንናገር። አንድ አናጢ ሞቶ ልጆቹ በውርስ ተካሰሱ። አጣሪው ባቀረበው ዝርዝር ውስጥ ቤቱ በካሬ ሜትር፣ ወርቁ በግራም ተለክቶ ተጽፏል፤ በመጨረሻው መስመር ላይ ግን «አሮጌ ብረታ ብረት፣ አንድ ሣጥን» ይላል። ስለ ቤቱ 3 ዓመት ተከራከሩ፤ ስለ ሣጥኑ በችሎት አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። ነገሩ በተቈረጠበት ቀን ግን ታናሺቱ ልጅ በደጃፉ ላይ ታላቅ ወንድሟን፣

«ጋሼ፣ የአባባ ሣጥንስ?» ስትለው ሰማን።

«ለቆራሌው በኪሎ ሰጠነው፤ ዝገት ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«እኛን ያስተማረን እኮ እርሱ ነው» ብላ ዝም አለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ በመርካቶ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ በእጀታው ላይ ሁለት ፊደል የተቀረጸበት መላጊያ አየን። ፊደሎቹ ከሟቹ ስም ጋር ተስማሙልን። «አባቴ፣ ይህ ከየት መጣ?» ብንላቸው፣ «ልጄ፣ ሊቀልጥ ከተከመረ ብረት ውስጥ ነው ያነሣሁት» አሉን። ገዝተን ልጅቱን አስጠራናት። ሳናሳያት ምልክቱን ብንጠይቃት፣ የእጀታው ጫፍ የተሰበረ መሆኑን ነገረችን፤ እንዲሁም ነበረ። በስጦታ አልወስድም ስላለች የከፈልነውን ያህል ተቀበልናት። መጋዞቹና መሮዎቹ ግን አልተገኙም። አሁን በክረምት በሩ አብጦ አልዘጋ ሲል የምትልገው በዚያው መላጊያ መሆኑን ሰምተናል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ይሁን እንጂ ቤት የሠራውንና ልጆች ያሳደገውን መሣሪያ «አሮጌ ብረታ ብረት» ብለን የምንጽፍ ከሆነ፣ ያ ንቀት ከአፋችን ቢወጣ እንኳ ከመዝገባችን አልወጣም ማለት ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ በቤታችሁ ከዕቃ ቤቱ ጥግ የአባት ወይም የአያት ሣጥን ይገኝ እንደ ሆነ፣ ለኪሎ ገዢ ከመስጠታችሁ በፊት ክፈቱት፤ የሥራውን ዐዋቂ ጠርታችሁም አሳዩት። በውርስ ዝርዝርም እያንዳንዱን በስሙ አስጽፉት፤ መላጊያውን መላጊያ፣ መሮውንም መሮ ብላችሁ። ከልጆቻችሁም እጁ የሚያሳክከው ቢኖር፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ዘይት ቀብታችሁ አንዱን ስጡት፤ አያያዙን ደግሞ አጠገቡ ቁማችሁ አስተምሩት።