ዶሮው እስክደርስ

እናላችሁ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ አገሬው ሽንኩርት እየላጠ በሚያለቅስበት ሰዓት፣ እኔ ዛንዚባር ውስጥ ጃምቢያኒ በምትባል የባሕር ዳር መንደር በቁምጣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሾፌር እጠብቅ ነበር። «ሰው ለበዓል ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ ከቤቱ ይወጣል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እማዬም ብላኛለች። ብቻ እሷ ያለችው ዘግይታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ያረፈው በነሐሴ 2016 ነው። ኅዳር ላይ ዕቁብ ወጣልኝ። በዚያው ሰሞን እማዬ ነጠላዋን እያጣጠፈች «ዘንድሮ በዓል የለም። ዶሮም አይገዛም፤ ቄጠማም አይጎዘጎዝም» አለች። እኔ ደግሞ ቃሏን እንዳለ ወሰድኩት። በዓል ከሌለ ምን አስቀመጠኝ? ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላር ዋጋ የት እንደደረሰ እያወቅኩ፣ የዕቁቡን ብር ትኬትና ማደሪያ አደረግኩት። (ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ አገር ሰው ሁሉ 44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ መሆኑን ያወቅኩት ትኬቱን ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ለካ ባሕር ለማየትም መዋጮ አለ!)

መመለሻዬን የዋዜማው ዕለት ያደረግኩት ርካሽ ስለሆነ ነው ብዬ ለእማዬ ነግሬያታለሁ። ውሸት ነው። በኛ ቤት ዶሮ የሚያርደው አባዬ ነበር። ሴት አታርድም፤ እኔ ደግሞ የቤቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ሥራዬ እግሩን ይዞ ፊትን ወደ አጥር ማዞር ነበር። አባዬ «ይዘኸዋል?» ይላል፤ እኔ አጥሩን እያየሁ «ይዤዋለሁ» እላለሁ። አለቀ። የዚያን ዓመት ገና ቤት ብቀመጥ ቢላው የማን እጅ እንደሚገባ አውቃለሁ። ሸሸሁ በሉት።

ዛንዚባር ቆንጆ ናት፤ ይኼን ሌሎች ስለጻፉት እኔ አላደክማችሁም። ስቶን ታውን ማታ ማታ ፎሮዳኒ በሚባለው መናፈሻ ኦክቶፐስ ሲጠበስ ሽታው ልብ ያጠፋል። እኔ ግን ጿሚ ነኝ። «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክር እንኳን ገና ያላለቀልን ሰዎች፣ ስምንት እግር ያለውን ነገር ለማን አስፈቅደን እንበላለን? ሸንኮራ ጭማቂዬን ይዤ ዞር አልኩ። በማግስቱ የድሮው የባሪያ ገበያ የነበረበትን ቦታ አየሁ። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲዘጋ ቦታው ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበታል። ለዕረፍት የሄደ ሰው እዚያ ቆሞ ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለበት አይገባውም። ፎቶ ሳላነሳ ወጣሁ።

ጃምቢያኒ ላይ በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ።

«የት ነህ?»

«ባሕሩ ጋ።»

«ዶሮ ገዝቻለሁ።»

ዝም አልኩ።

«አንተ ትደርሳለህ አይደል? እኔ እኮ ትመጣለህ ብዬ ነው። ልጅ ከመንገድ ገብቶ ባዶ ቤት ይጠብቀው እንዴ?»

«ጋሼ ቢያርዱልሽስ?» አልኳት፤ የጎረቤታችንን ሰውዬ ማለቴ ነው።

«እሳቸውም ብለውኛል። ልጄ ይመጣል ብያቸዋለሁ» አለችና ዘጋችው።

ወደ ሾፌሩ ልመለስ። ማታ በእንግሊዝኛ «በሰባት ሰዓት እመጣለሁ» ብሎኛል። አውሮፕላኑ የሚነሳው በኛ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። እኔ ባገሬ ፈረንጅ ባገኘሁ ቁጥር ስድስት መደመርና መቀነስ የለመድኩ ሰው፣ ሰባት ሲለኝ «ጠዋት አንድ ሰዓት ማለቱ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ማልዶ መምጣቱ ቢገርመኝም፣ መንገድ ላይ ፍተሻ ይበዛ ይሆናል አልኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ዘግቼ በር ላይ ተገኘሁ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሆነ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለውን ልጅ ስጠይቀው ሳቀብኝ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው! ጎሕ ከቀደደ በኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ። ሰባት ማለት ሰባት ነው፤ ከምሳ በኋላ። በቋንቋዬ ባስብ ኖሮ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሻንጣ ላይ አልቀመጥም ነበር።

ግን ደግ ሆነ። በዚያ በኩል ባሕሩ ሲሸሽ ቀልድ አይደለም፤ ሲመሽ ደጅህ ድረስ የነበረ ውኃ ጠዋት በመቶዎች ሜትር ርቆ ታገኘዋለህ። ውኃው ሲሄድ ሴቶች ይወጣሉ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ችካልና ገመድ ይዘው፣ ረግረጉ ላይ ጎንበስ ብለው የባሕር አረም ይተክላሉ፤ የደረሰውን ይሰበስባሉ። ደርቆ ወደ ውጭ ይሸጣል፤ ለሳሙናም ለሌላም ይሆናል። አንዷ በእማዬ ዕድሜ ትሆናለች። ወገቧን ይዛ ቀና አለችና ሻንጣ ላይ የተጎለትኩትን እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ገመዷ ተመለሰች። ባሕሩ ሳይመለስ መጨረስ አለባት። እኔ ዶሮዬን አሰብኩ።

ሾፌሩ በሰባት ሰዓት መጣ። ሳያዛንፍ።

አየር ማረፊያ ደርሼ ግን አውሮፕላኑ ዘግይቷል ተባለ። ለምን? «በቴክኒክ ምክንያት።» ይቺ ቃል መቼም የማትሸፍነው ነገር የለም። ዐሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፤ አንድ ሰዓት ከምሽቱ ሆነ። ይቅርታ መጠየቂያ ብለው ሳንዱች አደሉን። ከፈትኩት። ዶሮ! በገሃድ ቀን፣ እኔ ያላረድኩትን ዶሮ በዳቦ መሀል አምጥተው ሰጡኝ። አጠገቤ ለተቀመጠ፣ አፍንጫው በፀሐይ ተላጥጦ ቲማቲም ለመሰለ ፈረንጅ ሰጠሁት። «አትበላም?» አለኝ። «ቤት ሌላ አለ» አልኩት።

እማዬ ጋ ደወልኩ። «ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቷል። ጋሼን ጥሪያቸው» አልኳት።

«ሽንኩርቱን ጥጃለሁ» አለች። ይኼ መልስ ነው?

ያው በሦስት ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው። ቦሌ ስደርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሻንጣ መቀበያው ዙሪያ ከዓረብ አገር ለገና የገቡ እህቶቻችን በገመድ የተጠፈረ ብርድ ልብስና ካርቶን ይጎትታሉ። አንዷ ካርቶኗ ላይ ቁጭ ብላ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ «ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ነጠላ ጫማና ሁለት ከረጢት ቅርንፉድ ይዤ ዐሥራ ስምንት ቀን የሄድኩ እመስላለሁ። የሄድኩት ስድስት ቀን ነው።

ከተማው አልተኛም። አስፋልቱ ዳር ያልተሸጡ በጎች በመኪና መብራት ዓይናቸው ያበራል፤ ቄጠማ የሚሸጡ ልጆች የተረፋቸውን ታቅፈው ይንቀጠቀጣሉ። ከቤተ ክርስቲያን ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ባለታክሲው ቁምጣዬን አየት አድርጎ «አይበርድህም?» አለኝ። በረደኝ።

በሩን ስከፍት ቤቱ ሽንኩርትና በርበሬ ይሸታል። እማዬ በጥቁር ልብሷ ጉልቻው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታማስላለች። ቄጠማ አልተጎዘጎዘም። ዶሮው ጓሮ በር ላይ በገመድ ታስሮ፣ አንድ እግሩን አጥፎ ቆሟል።

«ጋሼ አልመጡም?»

«መጥተው ነበር» አለች፤ ከድስቱ ዓይኗን ሳታነሳ። «ውኃው ፈልቷል።»

ቢላው እቃ መደርደሪያው ላይ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። የጠቀለለው አባዬ ነው፤ ለፋሲካ ካረደ በኋላ አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ። ጋዜጣው የሚያዝያ 2016 ነው። ትንሽ ቆሜ የተጻፈውን አነበብኩ። ስለ ምን እንደነበር አላስታውስም።

ክንፉን በእግሬ ያዝኩ። ነጠላ ጫማዬ ውስጥ የጃምቢያኒ አሸዋ ገና አለ፤ ይቆረቁረኛል። እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። እግሩን ያዘች። ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ይዘሽዋል?»

«ይዤዋለሁ።»

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩ። በአንዴ አልሆነም፤ አልዋሻችሁም። ሁለቴ ነው። እማዬ ግን ዞር አላለችም።

ስትገነጥል፣ በሎሚና በጨው ስታጥብ፣ ዐሥራ ሁለቱን ብልት ስትቆጥር አብሬያት ቆየሁ። ወደ ንጋቱ ድስቱ ሲንተከተክ ከረጢቱን ፈትቼ ቅርንፉዱን ሰጠኋት። በመዳፏ ይዛ አሸተተች። ትንሽ ወቅጣ ከመከለሻው ጋር ጨመረችው።

«ይኼን ይዘህ ነው ከዚያ ድረስ የመጣኸው?» አለች። «መርካቶ ሞልቶ።»