ስለ ተቈረጠው ሞላ

ሰው በገንዘቡ የገዛውን ኦቶሞቢል እንደ ወደደ ሊያስጌጠው፣ ቀለሙን ሊለውጠው፣ ቁመቱንም ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። መኪናን ዝቅ ማድረግ ነውር ነው ለማለት ይህን አልጻፍሁም፤ በልኩ ዝቅ ሲል መልኩ የሚያምር፣ አካሄዱም የሚሻል መኪና መኖሩን በሥራዬ ዐውቃለሁ። የምናገረው እኔ ራሴ ስላደረግሁት ነገር ነው።

ሙያውን የተማርሁት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በነበረ ጋራዥ ነው። አሠሪያችን የነበሩት ሽማግሌ መካኒክ የመኪናን አካል ሁሉ ከጣልያን በተወረሰው ስም ይጠሩት ነበር፤ እንደ ቀለበት የተጠመዘዘው ብረት ሞላ፣ ቅጠል በቅጠል የተደራረበው ባሌስትራ፣ ማሰሪያው ቡሎን ነው። በዚያን ጊዜ ሥራችን መኪናን ከፍ ማድረግ ነበር። ጭነት የሚያበዛውና ኰረኰንች የሚያንገላታው ሁሉ እየመጣ፣ «ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል ጨምሩልኝ» ይለናል። ዝቅ አድርጉልኝ የሚል ሰው መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ መኪናውን ትተን ለባለቤቱ ጠበል እንጠቍመው ነበር።

በኋላ ኑሮዬ በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ሆነ፤ በዚያም ኤም ጂ ቢ የምትባለውን እንግሊዛዊት መኪና ወደድሁ። ይህች ጣራዋ የሚገለጥ ትንሽ የስፖርት መኪና ከ1962 እስከ 1980 ድረስ (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) አቢንግዶን በምትባል ከተማ ስትሠራ ኖራለች። ቍጥሯ ከግማሽ ሚሊዮን ይበልጣል፤ አብዛኞቹም ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግረዋል። አስቀድሞ ለመሬት የቀረበች፣ የሚያብረቀርቅ የክሮም ፓራውልት ያላት ነበረች። የአሜሪካ መንግሥት ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፓራውልት ሁሉ በሰዓት 5 ማይል የሚደርስ የፊት ግጭት እንዲችል፣ ከመሬት የሚኖረውም ከፍታ የተወሰነ እንዲሆን ደነገገ። ፋብሪካው መኪናይቱን እንደ ገና በመንደፍ ፈንታ በ1974 ጥቍር የጎማ ፓራውልት አለበሳት፤ አካሏንም ከ1 እስከ 1.5 ኢንች ያህል ከፍ አደረገው። ይህም ሳይበቃ፣ በጥምዝ መንገድ ላይ እንዳታጋድል ይይዛት የነበረውን የፊት ዘንግ ወጪ ለመቈጠብ ሲል ከመደበኛው ዕቃ አወጣው። ረጅም ጫማ አልብሰው ምርኵዟን ነጠቋት ማለት ነው። በ1976 ዘንጉን ከፊትም ከኋላም ቢያደርጉላትም፣ ቁመቷ ግን ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እንደ ነበረ ቀረ።

ስለዚህ የእንዲህ ያለች መኪና ባለቤት ዝቅ ሲያደርጋት የተወሰደባትን መመለሱ ነው ቢል ሐሰት አይሆንበትም። የ1975ቱን ሥሪት በገዛሁ ጊዜ እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው። ከደጄ ቆማ ሳያት ወንዝ ልትሻገር ቀሚሷን የሰበሰበች ሴት ትመስለኝ ነበር።

የኋላው ሥራ አላስቸገረኝም። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ለዚሁ የተሠራ ቍራጭ ብረት ይገባል፤ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፉት ቡሎኖችም በረዘሙ ይለወጣሉ። ይህን ሁሉ ገዝቼ እንደ ደንቡ አሰርሁ። ለፊቱ ደግሞ በልኩ ያጠረ ሞላ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ዋጋውም ከዐቅሜ በላይ አልነበረም። ነገር ግን እስኪመጣ አንድ ሳምንት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር፤ በዚያው ቅዳሜ ደግሞ የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ቀን ነበረ። መኪናዬን ከፍ ብላ ሊያዩብኝ አልወደድሁም። ዐርብ ማታ የፊቱን ሞላዎች አውጥቼ ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዙር በመቍረጫ ቈረጥሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያደረግሁት ሳላውቅ አይደለም። ሞላ ዙሩ ባነሰ መጠን ይደነድናል፤ የሚሠሩ 8 ዙሮች ያሉት ሞላ አንዱ ቢቈረጥበት ከቀድሞው በሰባተኛ እጅ ይጠነክራል። የተቈረጠው ጫፍም እንደ ፋብሪካው ጫፍ በመቀመጫው ላይ ተስተካክሎ አያርፍም፤ ጎማው ጕድጓድ ውስጥ ሲወርድ ካጠረው ሞላ ላይ ጭነቱ ይላላና ከቦታው ሊዞር ይችላል። ከልክ ያለፈ ዝቅታ ደግሞ የፊት ክንዶቹን አቅጣጫ ስለሚያዛባ፣ ነጂው መሪውን ሳያዞር ጎማው በጕብታ ላይ በራሱ ፈቃድ ጥቂት ይዞራል። ሽማግሌው መካኒክ አንድ ጊዜ ሞላ ለመቍረጥ ስነሣ አይተው መጋዙን ከእጄ ወስደው ነበር። ይህን ሁሉ እያስታወስሁ ቈረጥሁ።

ቅዳሜ ብዙ ተመሰገንሁ። አንዱ ተንበርክኮ ፎቶግራፍ አነሣት። እሑድ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ስሄድ፣ አንድ ጕድጓድ ስንነካ ብረቱ የጎማውን ማቆሚያ መታና ወንበሩ ከሥራችን ዘለለ። «አባዬ፣ ምን መታን?» አለችኝ። «መንገዱ ነው» አልኋት።

አዲሱን ሞላ ነገ ከነገ ወዲያ አመጣለሁ እያልሁ በጋው አለቀ፤ መኪናይቱንም ለመሸጥ ቈረጥሁ። የገዛኝ እዚሁ አገር ያደገ የወገን ልጅ፣ ተማሪ ነበር። ከሥር አጎንብሶ ተመለከተ፤ የሚያየውን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ቀጥሎም በተሰባበረው አማርኛው፣ «ጋሼ፣ የተነካካ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዝቅ አድርጌያታለሁ» አልሁት። ቃሉ እውነት ነበረ። በምን አኳኋን እንደ ሆነ አልጠየቀኝም፤ ጋሼ ያለውን ሰው እንደማይመረምር ዐውቄ ነበር። ገንዘቡን ቈጥሮ ሰጠኝ፤ እኔም ተቀበልሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል እንቅልፌ ደኅና ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ሆኖም ስልክ አላነሣሁም። እርሱ ነው የደወለልኝ። እኅቱን ለማየት በብሉ ሪጅ ተራራ መንገድ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሊሄድ ነው፤ የጎማው ንፋስ ስንት ይሁን ብሎ ሊጠይቀኝ፣ ደግሞም ስለ መኪናይቱ ሊያመሰግነኝ ፈለገ። ያ መንገድ ከተራራው ጀርባ ጋር የሚጠማዘዝ ነው። የስልኩ እጀታ በእጄ ውስጥ ላበው። «ልጄ፣ እንዳትሄድ። ቅዳሜ አምጣልኝ» አልሁት። «ምን ሆነች?» አለኝ። «ስትመጣ አሳይሃለሁ» አልሁ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ቃሉ ከአፌ አልወጣም።

አዲሶቹን ሞላዎች የፈጣን መላኪያ ከፍዬ አስመጣሁ። ቅዳሜ በክሪክ አነሣናት። የታመቀ ሞላ በችኰላ ሲፈታ ሰው ይገድላልና ዝቅ እያደረግሁ ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። የቀኙ ሞላ ከመቀመጫው ዞሮ፣ የተቈረጠው ጫፍ ብረቱን ፍቆ እንደ ብር የሚያበራ መስመር ሠርቶበታል። ልጁ ሞላውን ተቀብሎኝ የቈረጥሁትን ስፍራ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይህን መቼ ዐወቁ?» አለኝ።

«የቈረጥሁ ዕለት።»

ከዚያ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ቁልፍ አቀብለኝ፣ እንካ ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። አዲሱ ሞላ ከተቈረጠው ይልቅ ጥቂት ከፍ አደረጋት፤ አቋቋሟም ለእኔ ዐይን ከቀድሞው የተሻለ ነበር። ከሸጥሁበት ዋጋ ላይ 300 ዶላር መልሼ ሰጠሁት፤ ሳይቈጥር ኪሱ ከተተው። «አመሰግናለሁ» አለኝ፤ ጋሼ ግን አላለኝም።

ከመንደራችን መውጫ ላይ መኪና እንዳይፈጥን የተሠራ ጕብታ አለ። ከደጄ ቆሜ ተመለከትሁት። አዲሶቹ ሞላዎች ያን ጕብታ ያለ ምንም ድምፅ ሊያልፉት ይችሉ ነበር፤ እርሱም ሲገቡ በዐይኑ አይቷል። ነገር ግን ጕብታው ዘንድ ሲደርስ ሊቆም ምንም እስኪቀረው አዘገመ፤ መኪናይቱንም አግድም አዙሮ አንዱን ጎማ አስቀድሞ፣ ሁለተኛውን አስከትሎ አሻገራት።