ስም ፍለጋ ዲማ ድረስ

ልጄ ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች ሐኪሟ የፅንሱን ጾታ ነገራት። የዚያን ዕለት ማታ ደወለችልኝ፤ "አባዬ፣ ሴት ናት። ስሟንም ቆርጠናል፤ ሰብለወንጌል።" እኔ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ደስታዬን መገመት አያቅታችሁም። የልጅ ልጄ ከምወደው መጽሐፍ በወጣ ስም ልትጠራ ነው።

ደስታዬ የቆየው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በማግስቱ የልጄ አማት ከቢቸና ደወሉ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ፣ "ምነው ወንድሜ፣ ገና ሳትወለድ ልትቀብሯት ነው እንዴ?" አሉኝ።

"ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያላነበበ ሰው እንኳ መጨረሻውን ከርዕሱ ያውቀዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለወንጌል፣ አባቷ "ለዘሯ የሚመጥን ባል ጠፋ" እያሉ ያቆይዋታል፤ እሷ ግን ሊያስተምራት የገባውን የደኻ ልጅ በዛብህን ትወዳለች። እሱ ሸሽቶ አዲስ አበባ ይገባል። እሷም ማንነቷን ደብቃ ልትፈልገው ከቤት ትወጣለች። ሲገናኙ እሱ በጣር ላይ ነው። እሷ ትመነኩሳለች፤ ኋላም መቃብራቸው አንድ ይሆናል። እንግዲህ አማቻችን የፈሩት ይህንን ነው። በአገራችን "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይባላል፤ መልአኩ ከየትኛው መጽሐፍ ገልብጦ እንደሚያወጣው ግን ማንም አይጠይቅም።

የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። ሦስታችንም አንዲቱን ሴት የምናውቃት በሦስት መንገድ ነው። እኔ ከመጽሐፉ፣ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተራ ጠብቄ ተውሼ። እሳቸው ከራዲዮ፤ ወጋየሁ ንጋቱ "ከመጻሕፍት ዓለም" ላይ ሲተርከው፣ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ራዲዮ ከብቦ። ልጄ ደግሞ ከዘፈን። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው አልበም ውስጥ "ማር እስከ ጧፍ" የሚለው ዘፈን የዚሁ ልብ ወለድ ፍቅር ነው፤ ያን ዓመት ከታክሲው እስከ ሰርግ ቤቱ የማይሰማበት አልነበረም። "መጽሐፉን አንብበሽዋል?" ብላት፣ "እደርስበታለሁ አባዬ" አለችኝ። የአስተማሪ ልጅ!

በጥቅምት 2010 በአማቾቻችን ቤት የሙት ዓመት ስለነበረ ከአማቼ ጋር ወደ ቢቸና ተነሣን። በስልክ የማያልቀውን ክርክር ቁጭ ብለን እንጨርሰዋለን ብዬም ነበር።

ጎሐ ጽዮንን ካለፉ በኋላ መሬቱ ድንገት ከእግር ሥር ይጠፋል። ዓባይ በረሃ ነው። ደጋ ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው፣ ጠመዝማዛውን ወርዶ ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል። መኪናዎች ፍሬናቸው እንዳይግል እየተንፏቀቁ ይወርዳሉ፤ በየመታጠፊያው ዝንጀሮዎች ሙዝ ይጠብቃሉ። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ፣ አሮጌውን ከጎኑ እያየን ተሻገርን። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ፣ እስከ ደጀን። ቁልቁለትና ዳገቱ ተደምሮ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና እንኳ ወገብ ይቆርጣል። ያንን መንገድ እያየሁ ስለ ሰብለወንጌል ሳስብ፣ በልጅነቴ ሳነብ ያላስተዋልኩት ነገር መጣብኝ። በእግር ነው እኮ! ከእልፍኝ ወጥታ የማታውቅ የፊታውራሪ ልጅ።

ደጀን ላይ መንገዱ ይከፈላል። ግራው ወደ ደብረ ማርቆስ ይወስዳል፤ እኛ ወደ ቢቸናና ሞጣ የሚያመራውን ያዝን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ጤፉ ለምለም ነው፤ ኑጉ ቢጫ አበባውን አንጥፏል። ለአንባቢ ማስታወስ አያስፈልግ ይሆናል፤ "ሰብለ ወንጌል" ማለት የወንጌል አዝመራ ማለት ነው። ያን ማሳ እያየ ስሙን የሚጠላ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ይኖራል። ቢቸና እንደደረስን አማቻችን እግራችንን አሳጥበው፣ እንጀራውን አቅርበው፣ ጠላውን ቀድተው፣ "ወደ ነገራችን እንግባ" አሉ። በማግስቱ ዲማ ጊዮርጊስን ማየት እፈልጋለሁ ስላቸው ሳቁብኝ። "ስሙን ሊያስባርኩ ነው? እኔም እመጣለሁ። ብቻዎን ሄደው የካህን ምስክር ይዘው እንዳይመጡብኝ።"

ዲማ ከቢቸና ብዙም አይርቅም። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ በዛብህ ቅኔ የተማረበት፣ የፊታውራሪ መሸሻም ቤት ያለበት አገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ የጻፉት በእግራቸው የረገጡትን መሬት ነው።

መንገድ ላይ ነገሬን ጀመርኩ። ሦስት ማስረጃ አዘጋጅቼ ነበር፤ እንደ ክፍል ውስጥ።

መጀመሪያ ያነሣሁት ስሙ የሐዲስ ፈጠራ አለመሆኑን ነው። ከአራት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ እቴጌ ሰብለ ወንጌል ነበሩ፤ የአፄ ልብነ ድንግል ሚስት፣ የአፄ ገላውዴዎስና የአፄ ሚናስ እናት። ባላቸው እ.ኤ.አ. በ1540 ከሞቱ በኋላ፣ ከተራራ ምሽግ ወርደው ከፖርቱጋል ጦር ጋር የተቀላቀሉ፣ በዘመቻው የነበሩ ሴት ናቸው። እትዬ ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ "ባላቸው በስደት ሞቱ። ልጃቸውስ?" አሉ።

"ሚናስ ተማርኮ ነበር። ግን በኋላ በልዋጭ ተመለሰ" አልኩ።

"ገላውዴዎስስ?"

"በጦርነት ነው የሞተው።"

"እስቲ አንዲት ደስ ያላት ሰብለወንጌል አምጡልኝ" አሉ። አማቼ መሪውን ይዞ ሳቁን ዋጠ።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ይሻላል ብዬ ነበር። የእኛ ስም ድሮም ከሐዘን አይሸሽም። ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ እያልን የምንጠራቸው ልጆች ስማቸውን ያገኙት ከሞተ ወንድም ወይም እህት በኋላ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጉዱ ካሳ የሚባለው ያ ብልህ ሰው እንኳ ካሳ ነው። ይህን ስላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። "እነዚያ'ኮ የሞተውን የሚያስረሱ ስሞች ናቸው፤ የሚያስታውሱ አይደሉም" አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ይህን የመሰለ መልስ የሰጠኝ ተማሪ አልነበረም።

ሦስተኛውን ያመጣው አማቼ ነው። "እማ፣ በዚህ አገር በላይ የማይባል ልጅ ያለበት ቤት አለ? በላይ ዘለቀስ በ1937 ተሰቅሎ አይደል የሞተው?"

"በላይ የሞተው ተዋግቶ ነው" አሉ እትዬ። "ይቺ ልጅ ምን አደረገች? ሲቆልፉባት ተቆለፈች።"

ከዚያ በኋላ ማናችንም አልተናገርንም፤ ዲማ ደርሰናል።

የደብሩ ዙሪያ በቅኔ ተማሪዎች ጎጆ ተከቧል፤ ቁመት ያለው ሰው ጎንበስ ሳይል የማይገባባቸው ናቸው። ደበሎ የለበሰ አንድ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው ተማሪ ቀረበንና፣ "እናንተም የፊታውራሪን ቤት ፍለጋ ነው?" አለን። ጠያቂ እንደሚበዛ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ማዶ ያለ የባሕር ዛፍ ጥላ በዱላው አሳየንና፣ "እዚያ ነው ይላሉ" አለ። አጠገቡ የነበሩት አንድ አዛውንት ቄስ ፈገግ ብለው፣ "ልብ ወለድ ነው ልጄ፤ ስንት ጊዜ ልንገርህ?" አሉት። "እኔ ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ ብዬ ነው" አለ ልጁ።

እትዬ ግን የባሕር ዛፉን ትኩር ብለው ማየት ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን አንድ ዋርካ ጥላ ሥር ስንቀመጥ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ መናገር ጀመሩ። በአሥራ አራት ዓመታቸው ነው የተዳሩት። ሰውዬውን ያዩት በሰርጉ ቀን ነው። ክፉ አልነበሩም፤ ሰባት ልጅ ወልደውላቸዋል። ግን ያ ትረካ በራዲዮ ሲተላለፍ፣ ሴቶቹ ሁሉ ለበዛብህ ሲያለቅሱ፣ እሳቸው የሚያለቅሱት ለእሷ ነበር። አንድ ማታ ባላቸው "ምን ሆነሽ ነው?" ቢሏቸው ጢሱ ነው ብለው አመካኙ።

"እንግዲህ" አሉኝ፣ "ያቺን ልጅ ጠዋት ማታ ስጣራ ልክረም? ስሟን በጠራሁ ቁጥር ጢስ ልበል?"

ምንም አላልኩም። የመጣሁት በጉልህ ስሕተት ላይ ነበር፤ እኔ ስለ ሟርት ልከራከር፣ እሳቸው ስለ ሟርት አልነበረም የሚያወሩት።

ትንሽ ቆይቼ ግን በዓባይ በረሃ የታየኝን ነገርኳቸው። ሰብለወንጌል ሲቆልፉባት ተቆልፋ አልቀረችም። በሌሊት ወጥታ በእግሯ ሄዳለች። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ባላባቶች፣ ካህናትና ባለ ነፍጦች ሁሉ እንደ እሷ የደፈረ የለም። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "መውጣቷንስ አውቃለሁ" አሉ። "ራዲዮው ላይ ስትወጣ እኔም አብሬያት ወጥቻለሁ።"

ክርክሩ ዲማ ላይ አላለቀም። ልጅቷ በታኅሣሥ ተወለደች። ሆስፒታሉ የልደት ማስረጃ ሲሞላ ስም ያስፈልጋል ስላለ ልጄ "ሰብለወንጌል" ብላ አስጻፈች፤ እትዬ ይህን ሲሰሙ በስልኩ ወዲያ ማዶ የበሬ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። አውድማ ላይ ነበሩ። ሰማንያዋ ሲደርስ ለክርስትናዋ አዲስ አበባ መጡ። ሕፃኗን ታቅፈው ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ እኛ ሁላችን "ሰብሌ፣ ሰብሌ" ስንል እሳቸው ከተጠቀለለችበት ገለጥ አድርገው፣ "ወንጌል" አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግማሹን ስም እኛ፣ ግማሹን እሳቸው ይጠሩታል። ልጅቷ ለሁለቱም "አቤት" ትላለች።

አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። መንገዱ እንደ ድሮው እንደ ልብ ስለማያስኬድ አያቷ ከመጡ ቆዩ፤ በስልክ ነው የሚገናኙት። ባለፈው ወር ከመደርደሪያዬ ያንን ወፍራም መጽሐፍ አውጥታ ስትገልጥ ስሟን አገኘችው። "አባባ፣ ስለ እኔ ነው የተጻፈው?" አለችኝ። አይደለም ብላትም እንዳነብላት ለመነችኝ፤ ማታ ማታ ጥቂት ገጽ እያነበብኩላት ነው፣ የሚከብደውን እየዘለልኩ።

እትዬ ይህን ሰምተው ደወሉ።

"የት ደርሳችኋል?"

"ገና ማንኩሳ ነን። በዛብህም ትንሽ ልጅ ነው።"

"እዚያው ቆዩ" አሉኝ።