እሳት የሚያቀዘቅዘው ፍሪጅ

ኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራሟን በ1972 ዓ.ም. ስትጀምር ጭንቀቱ መድኃኒቱን ማግኘት ብቻ አልነበረም። መብራት በሌለበት አገር ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ጠብቆ ማቆየትም ነበር። ለረጅም ዓመታት ይህን ሸክም የተሸከመው የላምባ ፍሪጅ ነው። ከደባርቅ ወዲያ እንደ ጃናሞራና በየዳ ላሉ ደጋዎች፣ ከገደል በታች ላለ ቀበሌ፣ የዚህ ሳጥን ነገር የሕፃናት ዕድሜ ጉዳይ ነው።

ይህ ፍሪጅ ኮምፕረሰር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1922 ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች ያወጡት ዘዴ ነው። እሳቱ አሞኒያን ከውሃ ይለያል፤ አሞኒያው ከኋላ ባለው ቱቦ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል፤ ከዚያ ሃይድሮጂን ባለበት ክፍል ሲተን የሳጥኑን ሙቀት ይወስዳል፤ በመጨረሻም ወደ ውሃው ይመለሳል። የሚነዳው ሞተር ሳይሆን ሙቀትና የመሬት ስበት ነው።

ስለዚህ አላቀዘቅዝ ሲል እንደ ከተማ ፍሪጅ «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ» ማለት አያዋጣም። በቅድሚያ ውሃ ልክ ይቀመጥበት፤ ካዘነበለ ፈሳሹ መንገዱን ይስታል። ቀጥሎ እሳቱ ይታይ፦ ሰማያዊ ከሆነ ጥሩ፣ ቢጫ ሆኖ ከጨሰ ክሩ ይከርከም፣ የጭስ ማውጫው ጥላሸት ይጠረግ። አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ ደግሞ እሳቱ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጀርባው ከግድግዳ ይራቅ፣ የበሩ ጎማ ይፈተሽ፣ የተጋገረው በረዶ ይቅለጥ። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ ነው፤ ይህ ዕቃ አይቸኩልም። የአሞኒያ ሽታ ከመጣ ግን እሳቱን አጥፍቶ፣ በሩን ከፍቶ መውጣት ነው። የሚያፈስ ቱቦ በጠጋኝ እጅ አይድንም።

ሰው የማያስበው ሌላ አደጋ አለ፤ ብርዱ ራሱ። ላምባ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን በትክክል መቆጣጠር ይቸግረዋል። በደጋ ሌሊት ከ0 በታች ሲወርድ እንደ ፔንታቫለንትና ቴታነስ ያሉ ክትባቶች በረዶ ሆነው ይበላሻሉ። በብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት የሚናገረው ሙቀትን ነው፤ በረዶ የመታውን አይለይም። ሕፃኑ ይወጋል፣ ካርዱ ይሞላል፣ እናት ደስ ብሏት ትመለሳለች፤ መከላከያው ግን የለም።

ዛሬ ላምባው ለሶላር ፍሪጅ ቦታ እየለቀቀ ነው፤ ደግም ነው። ነገር ግን አዲሱም ሳጥን አቧራ የሚጠርግለት፣ ቴርሞሜትሩን ጠዋትና ማታ የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል። ፍሪጅ ማስረከብ ፎቶ አለው፤ መለዋወጫ መግዛት፣ ጠጋኝ ማሠልጠን፣ በቅሎ ተከራይቶ መላክ ፎቶ የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል በጀት ሲያዝም መታወስ አለበት። የተበላሸ ፍሪጅ የሚታወቀው ሲመረመር ነው፤ ያልተመረመረ ፍሪጅ የሚታወቀው ኩፍኝ ሲገባ ነው።